ሁለተኛዋን አውሮፕላን ማን መረጣት?

ማለማመጃዋን በሰላም አንስቶ በሰላም ማሳረፍ የቻለ ሰው ሁሉ በማግስቱ አንድ በሽታ ይይዘዋል፤ «አሁንስ ሁለተኛ ያስፈልገኛል» የሚል በሽታ። ይህን ቃል ከአፉ ካወጣ በኋላ እንቅልፉም ገንዘቡም የራሱ መሆናቸው ያበቃል። በሪሞት የምትበር ትንሽ አውሮፕላን ታቅፈን በጠዋት ከድሬዳዋ ወጣ፣ ወደ ቢዮ አዋሌ ገጠር ጎራ የምንል ሰዎች ቁጥራችን ትንሽ ነው፤ እሮሯችን ግን ለአንድ ቀበሌ ይተርፋል። ስንገናኝ እንኳ «እንዴት ከረምክ?» መባባል ቀርቷል። «ሁለተኛዋን አገኘሃት?» ነው ሰላምታው። መልሱም ያው የድሬ መልስ ነው፤ «አቦ ተወኝ!»

ነገሩን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። ማለማመጃ የምንላት አውሮፕላን ክንፏ ከጀርባዋ በላይ የተጫነ፣ ጫፍና ጫፉ ወደ ሰማይ ቀና ያለ፣ ከሥሩ ጠፍጣፋ ነው። እንዲህ የተሠራችው ለውበት አይደለም። ስታጋድል ራሷን በራሷ ታቀናለች። ግራ ገብቶህ ጣትህን ከሪሞቱ ላይ ብታነሳ እንኳ እንደምንም ሚዛኗን ፈልጋ ትቀጥላለች። ቀስ ብላ ትበራለች፣ ቀስ ብላ ትወርዳለች፤ ብትከሰከስም አፍንጫዋን ነው የምትሰብረው። ሁለተኛዋ ይህን ውለታ አትውልልህም። ወዳጋደልካት እንዳጋደለች ትነጉዳለች፤ ተቃኚ ካላልካት አትቃናም። ስለዚህ በሙያው የቆዩ ሰዎች በየትም ሀገር የሚሰጡት ምክር ተመሳሳይ ነው፤ በኤሌሮን፣ ማለትም ክንፏ ጠርዝ ላይ ባሉ ማጋደያ መታጠፊያዎች የምትታዘዝ፣ አራት ቻናል ያላት፣ ክንፏ ከታች ሆኖ ግን ያልቸኮለች አውሮፕላን ፈልግ ይላሉ። ስሟ ቶሎ የሚነሳው የቲ-28 ትሮጃን ሞዴል ናት። ክንፏ ከላይ እንዲሆን የሚፈልግ ደግሞ እንደ ፈንከብ ያለችውን፣ ጎማዋ ትልልቅ የሆነችውን ይወስዳል።

ምክሩ ከሰማይ የወረደ አይደለም። የኛው አየር ኃይል በ1930ዎቹ መጨረሻ በስዊድናዊው ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን እጅ ቢሾፍቱ ላይ ዳግም ሲቋቋም ተማሪ አብራሪው መጀመሪያ የሚቀመጠው ሳብ ሳፊር ላይ ነበር። ኋላ የአሜሪካ እርዳታ ሲመጣ ቲ-28 መጣ፣ ከዚያ ቲ-33 የተባለው የማሠልጠኛ ጄት፣ ከዚያ ደግሞ ኤፍ-86 እና ኤፍ-5። መንግሥት ደመወዝ የሚከፍላቸው፣ አስተማሪ ከጎናቸው የሚቀመጥላቸው፣ ሙሉ ወርክሾፕ ከኋላቸው የቆመላቸው ሰዎች ደረጃ በደረጃ ነው የወጡት። የኛ ጓደኛ ግን በገዛ ኪሱ፣ ያለ አስተማሪ፣ ያለ መለዋወጫ፣ ከማለማመጃ ተነስቶ በቀጥታ ፒ-51 ማስታንግ ላይ ካልወጣሁ ይላል። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች።

ደግሞ እሱ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። መካሪው ሁሉ ለጦር አውሮፕላን ይሟገታል። ሪሞት በእጁ ነክቶ የማያውቅ ሰው ሳይቀር «ምን ይህቺን ነጭ ትንኝ ታበራለህ፣ ጄት አታመጣም?» ይልሃል። ማስታንግ መልኳ ያምራል፣ አልክድም። ግን በትንሽ ክንፍ ብዙ ክብደት የምትሸከም ናት። ክንፏ ወደ ጫፉ እየጠበበ ስለሚሄድ ለማረፍ ፍጥነቷን ስትቀንስ አንዱ ጫፍ ቀድሞ አየር ይከዳዋል፤ በዚያው በኩል ተገልብጣ መሬት ትገባለች። ይህ የሚሆነው ከመሬት ሁለት ሰው ቁመት ያህል ስትቀር ነው፣ ማቃኛ ጊዜ በሌለበት። ለጀማሪ ይህን መስጠት ምቀኝነት ነው እንጂ ምክር አይደለም።

ሌላም ነገር አለ፤ ስናገረው ወጣቶቹ ይስቃሉ። ድሬዳዋ የአየር ኃይል ምድብ ያለባት ከተማ ናት። በ1969 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ የሶማሊያ ጦር እስከ አፋፏ ደርሶ ተዋግቶባታል፤ የጄት ድምፅ በዚያን ሰሞን ለነበረ ሰው ጨዋታ አይደለም። ያን ዘመን ያዩ አዛውንቶች ዛሬም በየገጠሩ አሉ። ቡራቡሬ ቀለም የተቀባች፣ መትረየስ የተሳለባት ሞዴል ከቤታቸው በላይ እየጮኸች ስታልፍ ቀና ብለው የሚያዩበት አስተያየት ደስ አይልም። ለኔ ይህ ብቻውን የጦር አውሮፕላኗን ለመተው ይበቃል። ቢጫና ቀይ ቀለም ምን አጠፋ? ደግሞ ከሩቅ ይታያል።

እሺ፣ ምክሩን ሰማን፣ የጦሯን ተውን እንበል። አሁን ደግሞ አየሩ ይመጣል።

አውሮፕላኗ የመጣችበት ካርቶን ላይ የተጻፈው ሁሉ የተለካው ከባሕር ወለል ብዙም ባልራቀ፣ ቀዝቀዝ ባለ ሜዳ ላይ ነው። የድሬዳዋ አየር ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,160 ሜትር ላይ ነው። በዚያ ላይ ሙቀቱን ጨምርበት። ቴርሞሜትሩ 35 ዲግሪ ባለበት ቀትር የኛ አየር በባሕር ወለል ካለው ቀዝቃዛ አየር ወደ አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ አውሮፕላኗ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ይመስላታል። ሥራው ደግሞ ቀላል ሂሳብ ነው። ፕሮፔለሩ የሚገፋው አየር በአንድ አምስተኛ ስላነሰ ጉልበቷ በዚያው ልክ ያንሳል። ክንፉም እንደዚያው ስለሚራብ ለመነሳትም ለማረፍም አስር በመቶ ያህል መፍጠን አለባት። ማለማመጃዋ ክንፈ ሰፊ ናትና ይህን ችላ ታልፋለች። ሁለተኛዋ ላይ ግን ያቺ አስር በመቶ የምትገኘው ልክ ማረፊያው ላይ ነው። ቪዲዮ ላይ በለምለም ሣር ላይ ተንሳፍፋ የወረደች ሞዴል እኛ ጋ መጥታ ድንጋይ ላይ እየፈጠነች ትመጣለች። ከዚያ «አውሮፕላኗ ጥሩ አይደለችም» ይባላል። አውሮፕላኗ ምን ታድርግ?

መፍትሔው አለ፤ ፕሮፔለሩን አንድ ኢንች ከፍ ማድረግ። 10 ኢንች የሚለውን ወደ 11። ሳሳ ያለ አየር ውስጥ ትልቁ ፕሮፔለር ሞተሩን ያን ያህል አያስጨንቀውም፤ ቢሆንም ካረፈች በኋላ ሞተሩን በእጅ ዳስሶ ማየት ነው፣ ጣት ካቃጠለ በዝቶበታል። አሁን 11 ኢንች ፕሮፔለር ከየት ይመጣል? እሱን ቆይ፣ እንደርስበታለን።

ሙቀቱ አየሩን አሳስቶ ብቻ ቢተወን ምን ነበረበት። ባትሪውንም ይበላል። የምንጠቀመው ሊፖ የሚባለው ቀለል ያለ ባትሪ ነው፤ ሦስት ሴል፣ 11.1 ቮልት፣ 2,200 ሚሊአምፒር-ሰዓት። ይህ ባትሪ ሙሉ ቻርጅ ሆኖ ሙቀት ውስጥ መዋል አይወድም። ለነገ በረራ ማታ ሞልተኸው፣ ጠዋት ነፋስ ተነስቶ ሳትበር ቀርተህ፣ መኪና ውስጥ ረስተኸው ብትውል፣ ማታ ስታወጣው ሆዱ ተነፍቷል። አውራ ጣትህን ስትጫነው ለስለስ ብሎ እንደ መመለስ ይላል። ያ ባትሪ አለቀ። ዳግመኛ ቻርጅ ማድረግ እሳት መጫር ነው። በደህናው ቀን እያንዳንዱን ሴል 3.8 ቮልት ላይ አድርጎ ቀዝቃዛ ቦታ ማስቀመጥ ያስፈልጋል ይባላል። ድሬ ላይ ቀዝቃዛ ቦታ! በዚያ ላይ መብራቱ ቻርጅ አጋማሽ ላይ ይሄድና ባትሪው ግማሽ ሆኖ ያድራል። ፎሙም ቢሆን አይተርፍም፤ ጥቁር ወይም ደማቅ ሰማያዊ ቀለም የተቀባ ክንፍ ዝግ መኪና ውስጥ ፀሐይ ሲመታው ቆዳው እየተነፋ ፈንጣጣ ያወጣል። አውሮፕላኗ ሳትበር ታረጃለች።

ለዚህ ነው በሌሊት የምንነሳው። ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ተኩል ያለችው ጊዜ የኛ ናት። ከዚያ በኋላ መሬቱ ይሞቅና አየሩ ከሥር እየፈላ ይነሳል፤ አንዱን ክንፍ ያነሳል አንዱን ይጥላል። ማለማመጃዋ ትወዛወዛለች እንጂ ትመለሳለች። ሁለተኛዋ ግን አንዴ ከተንጋለለች የምትመለሰው አንተ ከመለስካት ነው። ሚስት «እሁድ እንኳ አትተኛም?» ትላለች። ልክ ናት።

ሜዳውን በተመለከተ ብዙ አልልም፤ መሬቱ ራሱ ይናገራል። ቢዮ አዋሌ ከድሬዳዋ አስተዳደር የገጠር ክላስተሮች አንዱ ነው። ሰው የሚኖርበት፣ የሚያርስበት፣ ከብት የሚያግድበት አካባቢ ነው እንጂ የኛ ማኮብኮቢያ አይደለም። ደልዳላ የሆነው መሬት ሁሉ ማሳ ነው፤ ማሳ ያልሆነው ድንጋይ ነው፤ ድንጋይ ያልሆነው ጎርፍ የቦረቦረው አሸዋ ነው። የተረፈው የልጆች የኳስ ሜዳ ነው፣ እሱንም ለጥቂት ደቂቃ ተለምነን ነው የምንጠቀምበት። እዚህ ላይ እነዚያ ካርቶኑ ላይ የሚያምሩት ተጣጣፊ እግሮች ዋጋ የላቸውም። ከሆድ በታች ያለ ክንፍ፣ ቀጭን የሽቦ እግር፣ የብር ሳንቲም የምታክል ጎማ፤ የመጀመሪያው ጠጠር ላይ እግሩ ወደ ኋላ ይታጠፍና ፕሮፔለሩ መሬት ይቆፍራል። ስለዚህ «ሁለተኛዋ ክንፏ ከታች ትሁን» የሚለው የዓለም ምክር እዚህ ሲደርስ ድንጋይ ላይ ይወድቃል። ክንፏ ከላይ፣ ጎማዋ ሰፊ፣ እግሯ ወፍራም ትሁንልን። ኤሌሮን ይኑራት፣ ይበቃል።

ከሜዳው ውጭ ብትወርድስ? ግራር ላይ ከወረደች እሾሁ ፎሙን ሰፍቶ ይይዛታል፤ አውጪውም ይደማል። ጫት ማሳ ውስጥ ከገባች ባለቤቱን ፈልጎ፣ ይቅርታ ጠይቆ፣ አስፈቅዶ መግባት ነው፤ የተሰበረች ቅርንጫፍ ሁሉ ለሰውየው ብር ናት፣ ቢቆጣ አይፈረድበትም። ከሁሉ የሚከፋው ግን ማሽላው ነው። የሐረርጌ ማሽላ ሲደርስ ከሰው ቁመት ያልፋል። ውስጡ ገብታ ከወደቀች ከሁለት እርምጃ ርቀት አትታይም። አንዴ እንዲህ ጠፍታ ፀሐዩ እስኪከር ድረስ ስንፈልግ ከቆየን በኋላ፣ ሪሞቱን ስናጠፋው ሞተሩን የሚቆጣጠረው መሣሪያ ሲግናል ሲያጣ የሚያሰማትን ቀጭን «ጢጥ… ጢጥ…» የሰማው የኛ ጆሮ አልነበረም። የስምንት ዓመት እረኛ ልጅ ነው። ፍየሎቹን ትቶ ዝም ብሎ ቆመ፤ አንገቱን ሰበር አድርጎ አዳመጠ፤ በሁለት እጁ አገዳውን እየገለጠ ገባና ጅራቷን ይዞ ወጣ። ከዚያ እጁን ዘረጋ። ስንከፍለው ቆጠረ፣ አነሰው፣ ነገረን። ትክክል ነበር።

ልጆቹን አልነቅፍም፤ እነሱ ባይኖሩ ብዙዎቻችን ይህን ነገር ትተነው ነበር። የሚያስመርረው የትልልቁ ሰው ጥያቄ ነው። በየሳምንቱ ያው ነው፣ ተራውን እንኳ አይለውጥም። «ስንት ያወጣል?» «ሰው ይይዛል?» «እስከ ጅቡቲ ይደርሳል?» «ካሜራ አለው?» አራተኛው ላይ ድምፁ ይለወጣል። ድሮን የሚለው ቃል በሀገራችን ከጦር ወሬ ጋር ከተቆራኘ ወዲህ ሰው ቢሰጋ አልፈርድበትም። ግን ካሜራ የሌላት፣ ከዓይን እይታ ርቃ መሄድ የማትችል፣ ሪሞቷን ብታጠፋባት እዚያው የምትወድቅ ፎም መሆኗን በየሳምንቱ ለአዲስ ሰው ማስረዳት ይደክማል። አንድ ቀን ሽማግሌ አባት ቆመው አዩ፤ እኔም ልማዴ ነውና ቀድሜ፦

«አባባ፣ ካሜራ የለውም» አልኳቸው።

«እኔ ካሜራውን መቼ ጠየቅኩህ ልጄ» አሉኝ በረጋ ድምፅ። «ይህ ጠያራ ምን ይሠራል ብዬ ነው የማየው።»

«ይበራል፣ ከዚያ ያርፋል።»

«በቃ?»

«በቃ፣ አባባ።»

ራሳቸውን ነቅንቀው ሄዱ። እስካሁን ከቀረበልኝ ጥያቄ ሁሉ ከባዱ እሱ ነው።

ፈቃዱንም ማንሳት ግድ ነው፤ ዝም ብሎ ማብረር አይቻልምና። ድሬ አየር ማረፊያና የአየር ኃይል ምድብ ያላት ከተማ ናት፤ የሚመለከተውን አካል ሳይጠይቁ ምንም ነገር ወደ ሰማይ መላክ ራስንም ሌላውንም ችግር ውስጥ መክተት ነው። ስለዚህ እንጠይቃለን። ምሬታችን ፈቃድ መጠየቁ አይደለም። ወደ አንድ ቢሮ ትሄዳለህ፤ ቅጹ «ድሮን» ይላል። ድሮን አይደለም ትላለህ። እንግዲያው ቅጹ አይመለከትህም ትባላለህ። ቅጹ ካልተመለከተኝ ያለ ቅጽ ላብርር? አይቻልም። ታዲያ? «ነገ ና፣ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው።» የኃላፊው ስብሰባ የሚያልቅበትን ቀን የነገረን የለም። የሚጠየቀው ነገር ቁርጥ ብሎ ቢጻፍ፣ በዚህ ቦታ፣ በዚህ ሰዓት፣ ከዚህ ከፍታ ሳታልፉ ቢባል፣ እኛ ከማንም በላይ እናከብረው ነበር።

አሁን ወደ መግዣው። «ሁለተኛ ምረጥ» የሚለው ምክር ሱቅ ገብቶ መደርደሪያ ላይ ለሚያማርጥ ሰው የተጻፈ ነው። ድሬ ላይ ታይዋን የምንለው ገበያ ስልክም ጄነሬተርም ቴሌቪዥንም አለው። አውሮፕላን ብለህ ስትጠይቅ የሚያወጡልህ ሁለት ቁልፍ ያለው የልጆች መጫወቻ ነው፤ ክፍል ውስጥ ይሽከረከራል፣ ውጭ አይበርም። ስለዚህ ሁለተኛዋ የምትመጣው በሰው ሻንጣ ነው። በሰው ሻንጣ የምትመጣ አውሮፕላን ደግሞ ውጭ ያለ ዘመድ በግምት ገዝቶ እንደላከው ጫማ ናት፤ ጠበበህም ሰፋህም «እግዜር ይስጥልኝ» ብለህ ታደርጋታለህ። አንተ ክንፈ ሰፊ ብለህ ትጽፍለታለህ፤ እሱ ሱቅ ገብቶ ያማረችውን ያነሳል። ያማረችው ደግሞ ሁልጊዜ ጄት ናት።

ገንዘቡን አስቡት። 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ መውጣት ጀመረ፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ120 አለፈ። ሞዴሏ አልተለወጠችም፣ መታጠፊያዎቿን የሚያንቀሳቅሰው ሰርቮ አልተለወጠም፣ ደመወዛችንም አልተለወጠም፤ ዋጋዋ ብቻ እጥፍ ሆነ። አንድ ፕሮፔለር ስትሰበር የሚሰማህ «ጭው» የሚል ነገር አለ፤ ከዚያ በፊት እንደዚህ አይሰማም ነበር። በዚህ ጊዜ ሁለተኛ አውሮፕላን መግዛትን ለቤተሰብ ማስረዳት ራሱ በረራ ነው።

ደግሞ መንገዱ። ባትሪው በእጅ ሻንጣ እንጂ በጭነት አይሄድም፤ የአየር መንገዶች ሕግ እስከ 100 ዋት-ሰዓት ድረስ ያለውን በእጅ ይፈቅዳል፣ የኛ ባትሪ ወደ 24 ነው፤ ይህን ግን ለተጓዡ ዘመድ፣ ለፈታሹም፣ ለሁሉም አንተ ነህ የምታስረዳው። ሪሞቱ ደግሞ ከታየ ጥያቄው ብዙ ነው። ሬዲዮ ነው? ለምንድነው? ማን ፈቀደ? አንዳንዴ ዕቃው ይቆያል፣ አንዳንዴ የሚቆይበትን ምክንያት የሚያውቅ ሰው ይቆያል። በኢትዮጵያ የተሠራችው የመጀመሪያዋ አውሮፕላን ፀሐይ፣ በ1928 ዓ.ም. የበረረችው፣ ጣሊያን ወስዶ ሙዚየሙ ውስጥ ካስቀመጣት በኋላ ወደ ሀገሯ የተመለሰችው በ2016 ዓ.ም. ጥር ላይ ነው። ሰማንያ ስምንት ዓመት ገደማ። ጓደኞቼ የጠበቁትን ሰርቮ በዚህ ሂሳብ ሲያስቡት ይጽናናሉ።

እንግዲህ የተረፈው መንገድ አንድ ነው፤ ራስ መሥራት። ይህንም ስንናገር የሚስቅብን አለ፤ ይሳቅ። አስመላሽ ዘፈሩ የተባለው ወጣት በ2007 ዓ.ም. ሰው የሚይዝ አውሮፕላን በቮልስዋገን ሞተር፣ ከኢንተርኔት ቪዲዮ እየተማረ ሠርቶ ኬ-570ኤ ብሎ ሰየማት፤ 570 ቀን የፈጀባት፣ «ኬ»ዋ ደግሞ የእናቱ የኪሮስ ስም መጀመሪያ ናት። እሱ ነፍሱን ይዞ ነበር የሚቀመጥባት። እኛ ፎም ብቻ ነው የምናስቀምጠው።

ፎም ቦርዱ ማስታወቂያ ከሚሠሩ ቤቶች ወይም ከጽሕፈት መሣሪያ መደብር ይገኛል። ነጩ የዕቃ ማሸጊያ ፎምም ይሆናል፣ ግን እንዳትሳሳት፣ ሱፐር ግሉ ያገኘው እንደሆነ እያሟሟ ይበላዋል፤ በሙቀት የሚቀልጠው የዱላ ማጣበቂያ ይሻላል፣ እሱም ከመጠን በላይ ከሞቀ ያቀልጠዋል። ለክንፉ አጥንት የተሰበረ የጃንጥላ ዘንግ ወይም የቀርከሃ ስንጥር። ጎማው ከተጣለ መጫወቻ መኪና። ሞተሩንና ሰርቮውን ከማለማመጃዋ ነቅለን እናዛውራለን፤ ስለዚህ ሁለተኛዋ ስትወለድ የመጀመሪያዋ ትሞታለች። አታምርም። ከሩቅ የካርቶን ሳጥን ክንፍ አውጥቶ የሚበር ነው የሚመስለው። ግን ክንፏን ለኛ አየር እናሰፋዋለን፣ እግሯን ለኛ ድንጋይ እናወፍረዋለን፣ ስትሰበር ያለ ዶላር እዚያው ሜዳ ላይ በፕላስተር ትጠገናለች። ጄት የመጣለት የአንድ ጓደኛችን አውሮፕላን ግን ዛሬም ቁምሳጥን ላይ ተቀምጣለች። መልኳ አልተበላሸም፤ አንዴም ስላልበረረች።

ከውጭ ለምትመጡ ዘመዶች አንድ ቃል አለን። ጄት ይቅርባችሁ። ማስታንግም ይቅርባችሁ። ከመነሳታችሁ በፊት ምን ማስገባት እንደሚፈቀድ አጣሩና ወረቀቱን ያዙ። ሻንጣችሁ ጥግ ላይ ቦታ ከተረፈ 10 በ5 እና 11 በ5.5 ፕሮፔለር፣ ባለ 9 ግራም ሰርቮ፣ አንድ የዱላ ማጣበቂያ ሽጉጥ ጣል አድርጉልን። ሌላውን እኛ እንሠራዋለን።